በሕያው ስም

«…አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰማዕት…»

ፋንቱ የዳሱን ምሰሶ ይዛ ቆማለች። ቄስ ቀለመ ወርቅ መጽሐፉን ለዓይናቸው አስጠግተው የባሏን የባዩን ነፍስ ያሳስባሉ። ባዩ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ‹ወልደ ሰማዕት› የሚለው ስም ሲጠራ ሰምታለች፤ እንደ ሌላው የግዕዝ ቃል ሁሉ በጆሮዋ አልፎ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን አልሄደም። ቆመ። ከስሙ ኋላ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማች፤ አርባ ቀኑ ነው፣ ውኃው በርዶታል፣ የክርስትና አባቱ «አይዞህ ወልደ ሰማዕት» እያሉ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልሉታል።

የባሏ ስም አይደለም። የልጇ የማሩ ነው።

ምሰሶውን ለቀቀችው።

«የክርስትና ስሙ ማነው?» ያሏት ማክሰኞ ዕለት ነበር፣ አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል። ሰው ይጮኻል፤ ቃሬዛው በጠባቡ በር አልወጣ ብሎ ወንዶቹ ይተራመሳሉ። የባዩ የንስሐ አባት ባለፈው ዐቢይ ጾም ስላረፉ ስሙን የሚያውቅ ካህን አልነበረም፤ ቄስ ቀለመ ወርቅ ከጋይንት መጥተው ደብሩን ከያዙ ገና ስድስት ወራቸው ነው። ጆሯቸውን ወደ አፏ አስጠጉ። እሷም አፏ ላይ የመጣላትን ነገረቻቸው። አንዱን ልጅ ስትጠራ የሌላው ስም እንደሚያመልጣት እናት፣ እንዲያ ያለ ነገር ነው፤ በየቤቱ በቀን አሥር ጊዜ የሚሆን። ይህኛው ግን የተነገረው ለሰማይ ነበር።

ማሩ ሕያው ነው። ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ ከወረደ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ሦስት ቀን ሙሉ ደግሞ ነፍሱ እንድታርፍ እየተጸለየለት ነው።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ ጎረቤቷ አሰለፈች ንፍሮ ልታዞር ተነሣች።

«ፋንቱ፣ ትልቁ ሰፌድ የት ነው ያለ?»



«እሷን ነው የምትጠይቂ?» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል ከማዕዘኑ። የባዩ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከእስቴ በኩል የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዘው መጥተው ከዚያች ማዕዘን አልተነሡም። «ያዘለችውን ልጅ ከጎረቤት የምትፈልግ ሴት ሰፌድ ያስቀመጠችበትን ታውቃለች?»

ሴቶቹ ሐዘን ቤት መሆኑን እያሰቡ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ፋንቱ ዝንጉ መሆኗን አገር ያውቃል። የጣደችውን ትረሳለች፣ ያሰረችውን ትረሳለች፣ ማጭድ ከዱቄት እንስራ ውስጥ ትከታለች። እንዲህ ይባላል።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ ፋንቱ ወደ አሰለፈች ጠጋ አለች።

«ቄስ ቢሳሳት… በሕያው ሰው ስም ፍትሐት ቢደግም ምን ይሆናል?»

«በስመ አብ! ይኼን ደግሞ ምን አሳሰበሽ?»

«እንዲያው።»

«እናቴ ስታወራ…» አሰለፈች ወሬ ስታገኝ ዓይኗ ይበራል። «መካነ ኢየሱስ አጠገብ ነው አሉ። ወንድማማቾች ናቸው። ታናሹ ሞተና በታላቁ ስም ተደገመለት። ታላቁ እኮ ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ንፍሮ ይቆረጥማል! በሰባተኛው ቀን ‹ትንሽ ጋደም ልበል› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ዳስ መቼ አስፈለገ፤ በዚያው አለቀሱ።» አሰለፈች እፍኝ ንፍሮ ወደ አፏ ጣለች። «በስሙ ተጠርቶ ‹ና› ከተባለ ማን ይቀራል፣ እቴ?»

ሰባተኛው ቀን ሰኞ ነው።

ለቄሱ መናገር አለባት። ተናግራስ? «ታዲያ እውነተኛው ስሙ ማነው?» ይሏታል፤ እሱን አታውቀውም። የክርስትና ስም እንደ ገበያ ስም አይጠራም፤ ጠላት እንዳይሠራበት ይሸሸጋል። በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ፣ ምናልባት ሁለት ጊዜ፣ የድሮው የንስሐ አባት ሲጠሩት ሰምታ ነበር። ልብሱን እንደሚያራግፍ ሰው አእምሮዋን አራገፈችው፤ ምንም አልወደቀም። የሚያውቁት እትዬ ወለተ ሚካኤል ብቻ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ምን ብላ ትጠይቅ? «የወንድምዎን ስም ረስቼ በልጁ ስም አስቀበርኩት» ብላ?

ዓርብ ዕለት ቄስ ቀለመ ወርቅ ወደ ስሙ ሲቃረቡ ፋንቱ ስሙ ሳይወጣ ጮኻ አለቀሰች። ድምፅዋ ዳሱን ሞላው። ስሙ ከሥሩ ተዳፍኖ አለፈ። ቄሱ ሁለተኛ ሲጠሩት ሁለተኛ ጮኸች።

«ዛሬ ገና ገባት፣» አለች አንዲት ሴት። «እስካሁን ደንዝዛ ነበር።»

«አልቅሺ፣ ይውጣልሽ፣» አለቻት ሌላዋ፤ ክንዷንም ያዘቻት።

እትዬ ወለተ ሚካኤል ብቻ ከማዕዘናቸው ትኩር ብለው አዩዋት።

ባዩ ስም የሚረሳ ሰው አልነበረም። ስም ነበር ሥራው። ርስት የሚካፈሉ ዘመዳሞች ሲጣሉ ወገዳ ከተማ ከዳኛው ፊት የሚጠሩት እሱን ነው። «ጃንሆይ ይሙት!» ብሎ ይምልና ዓይኑን ጨፍኖ ስምንት ዘጠኝ አያት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሊት ለእገሌ ተዳረች፣ እገሌ ያለ ልጅ ሞተ። ከአፉ በሚወጣ አንድ ስም ሰው መሬት ያገኛል፤ ስሙ ካልወጣ ያጣል። ጉቦ አይበላም። ሲቆጥር አይቸኩልም። ሰው ሲሞት እንኳ ለቅሶ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ፋንቱን «እስቲ ያዢልኝ» ይላትና የሟቹን ልጆች በቅደም ተከተል ይዘረዝርላታል፤ ነገ የሚያስፈልግ መሣሪያ እንደሚስል ሰው። እሷ ጓዳ ሆና እየፈተለች ትሰማዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የእርሻ ጠዋት አንዱን በሬ ጠምዶ ሁለተኛውን ፍለጋ ገደሉ ድረስ ወርዶ ተመለሰ። በሬው ደጁ ላይ ታስሮ ያመሰኳ ነበር። ባዩ በሬውን አየው። ከዚያ እሷን አያት። እንዲያ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም፤ የፈራ ሰው ፊት ነው። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«እኔ ነኝ!» አለች ፋንቱ ጮክ ብላ። «አሁን ከመስክ አምጥቼ አሰርኩት፤ ልነግርህ ረሳሁ።»

ከዚያ ወዲህ የምትረሳው ሁልጊዜ እሷ ሆነች። ማጭዱን ዱቄት ውስጥ የከተተው እሱ ነው። የሰንበቴ ተራውን የዘነጋው እሱ ነው። ጠዋት ተነሥቶ የሞተ ወንድሙን «ቁርስ በላ ወይ?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው፤ ያን እንኳ ማንም አልሰማም።

ባለፈው ጥር ሁለት ባላጋራዎች ሽማግሌ ይዘው ቤታቸው መጡ። እትዬ ወለተ ሚካኤልም ለጥምቀት መጥተው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ባዩ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛውን አያት ቆጠረ። አራተኛው ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እያሰበ መሰላቸው። ዝምታው ረዘመ። አንደኛው ባላጋራ አንገቱን አስግጎ የባዩን አፍ ያይ ጀመር።

ፋንቱ ከጓዳ በር ላይ ጠላ የሞላ ገንቦ ይዛ ቆማ ነበር። ለቀቀችው።

«ኧረ ይቺ ሴት!» እያለ ሁሉም ከጠላው ሲሸሽ እሷ ጨርቅ ይዛ ባዩ እግር ሥር ተንበረከከች። ወለሉን እየጠረገች «ወለተ ማርያም፣» አለችው ወደ ጉልበቱ። «አራተኛዋ ወለተ ማርያም ናት።» ባዩ ዓይኑን ሳይገልጥ ቀጠለ። ዘጠነኛው ድረስ አልቆመም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ስብርባሪውን አብሯት ለቀመ።

«ጥሩ ገንቦ ነበር፣» አለ።

«ነበር።»

«አንድ ቀን ገንቦ ያልቅብናል፣ ፋንቱ።»

አሁን በዳሱ ውስጥ ተቀምጣ የዚያን ሁሉ ሰው አያት መቁጠር ትችላለች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ እያየች ሳታስበው ትቆጥረዋለች፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ። በሐሰት ዝንጉ ስትባል ኖራ በእውነት የረሳችው አንድ ስም ነው።

በአምስተኛው ቀን ነጋዴው አብዱልመጂድ በቅሎውን ከአጥሩ ውጭ አስሮ ገባ። ወገዳ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣል፤ የባዩ ወዳጅ ነው። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ትንሽ ካለቀሰ በኋላ ዓይኑን ጠረገና ፈገግ አለ።

«የእኔን አያቶች ሳይቀር ቆጥሮ ያዘልኝ እኮ። ‹ምን ያደርግልሃል? እኛ ርስት የለን› ስለው፣ ‹መሬት ባይኖርህ ስም ይኑርህ› አለኝ። ሰባት ድረስ! አባቴ እንኳ ከሦስት አያልፍም ነበር።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

አብዱልመጂድ ሊሄድ ሲነሣ ፋንቱ እስከ በሩ ሸኘችው።

«ከጎንደር ነው የመጣኸው አሉ። ከሑመራ የወጣ ሰው አላየህም?»

ነጋዴው በቅሎውን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ቀላል ነበር፤ እሱ ግን ብዙ ቆየበት።

«ዘንድሮ ንዳዱ ከፍቷል፣» አለ። «አጨዳው ሳያልቅ እየወጡ ነው። ማሩን በዓይኔ አላየሁትም። ወላሂ አላየሁትም።»

«ሌላ ሰው አይቶታል?»

«የእኛው የስማዳ ልጅ ነው፣ መንገድ ላይ ወድቆ ነበር ሲሉ ሰማሁ። የስማዳ ልጅ ደግሞ ስንት ነው! አላህ ያውቃል። አንቺ ሐዘንሽን አትደራርቢ።»

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ፋንቱ አጥሩን ይዛ ቆመች። ከኋላዋ በዳሱ ውስጥ የቄሱ ድምፅ ተነሣ። ሮጠች። ጮኻ ልትሸፍነው ሮጠች፤ ግን ስትደርስ ስሙ ተጠርቶ አልቋል።

በማግስቱ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሳይመለስ እትዬ ወለተ ሚካኤልን ከቤቱ ጀርባ አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ፀሐይ ላይ ዘርግተውት ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ደግሞ ምን ረሳሽ?»

«የባዩን የክርስትና ስም።»

እትዬ ወለተ ሚካኤል እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ለቄሱ ማን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?»

«የማሩን።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አነሡና ወደ ገብሱ ክምር አዩ። ፋንቱ ጩኸታቸውን ጠበቀች፤ «የወንድሜን ልጅ ገደለችው» ብለው አገሩን ሲጠሩባት ጠበቀች። መሬቱ ላይ ተንበርክካ ጠበቀች።

«ገብረ መድኅን ነው፣» አሉ ቀስ ብለው። «እናታችን ታማ እኔ ነኝ አዝዬ ያስጠመቅኩት። ስምንት ዓመቴ ነበር። ገብረ መድኅን።»

ፋንቱ ስሙን በከንፈሯ ደገመችው።

«እሱም ጠይቆኛል፣» አሉ።

«ማን?»

«ባዩ። ያለፈው የካቲት። በእግሩ መጥቶ ደጄ ላይ ቁጭ አለና ‹እቴ፣ የክርስትና ስሜ ማነው?› አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ‹ብሞት ፋንቱን ይጠይቋታል፤ እሷ ደግሞ አታውቀውም፤ ልነግራት ብዬ አጣሁት› አለኝ። ነገርኩት። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ፣ እንዳያመልጠው ስሙን እየደጋገመ፣ እንዲያው እያጉተመተመ ሄደ።»

ያ ቀን ትዝ አላት። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የደረሰው። እግሩ አቧራ ለብሷል። በሩ ላይ ቆሞ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁ» አላት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጠበቀችው። ወደ ኋላው፣ ወደመጣበት መንገድ ዞሮ አየ፤ የጣለው ነገር ካለ እንደሚያይ ሰው። እሷም አሳዘናትና «ይደርሳል፤ ነገ ትነግረኛለህ» ብላ እግሩን ልታጥብ ውኃ አቀረበችለት።

«ነገ ትነግረኛለህ አልኩት፣» አለች ፋንቱ። «ምን እንደያዘ ሳላውቅ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ።» አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ስሰድብሽ የኖርኩት ጠልቼሽ ይመስልሻል? ያን ገንቦ የሰበርሽ ዕለት ምድጃው አጠገብ ነበርኩ። ገንቦ ያመለጣት ሴት የምታየው ገንቦውን ነው። አንቺ ያየሽው እሱን ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ‹ፋንቱ ዝንጉ› ባልኩ ቁጥር ሰው አንቺን ያያል፤ እሱን አያይም።»

ብዙ ሳይቆዩ እትዬ ወለተ ሚካኤል የፋንቱን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

«ነገ ሰባቱ ነው፤ ቄሱ ለዳሱ ሳይነሡ ከቤታቸው እንደርሳለን። ለማንም አትተንፍሺ። ለአሰለፈች ከነገርሽማ ከእኛ ቀድማ ሑመራ ትደርሳለች።»

ቄስ ቀለመ ወርቅ ነገሩን ቆመው ሰሙ። ወጣት ናቸው፤ ጢማቸው ገና አልሞላም።

«ስድስት ቀን፣» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ፊታቸውን አስተካከሉ። «እመት ፋንቱ፣ እግዚአብሔር የሚሰማው ልብን ነው። የማንን ነፍስ እንደለመንን እሱ ያውቃል። ዛሬ በስሙ እደግምለታለሁ፤ ለወልደ ሰማዕትም የሕያው ጸሎት አደርሳለሁ።» መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ ሊመልሱ ሞከሩ፤ አልገባ አላቸው፣ እንደገና ሞከሩ። «ልጁ የት ነው ያለው?»

«ሑመራ ነው፣ አባቴ።»

«እ…» አሉ።

ረፋዱ ላይ በዳሱ ውስጥ «ነፍሰ ገብርከ ገብረ መድኅን» ሲባል ፋንቱ አልጮኸችም። ስሙ ሲያልፍ አንገቷን ደፍታ አዳመጠችው። ባሏ አሁን ነው የሞተው። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ፤ እትዬ ወለተ ሚካኤል ከአጠገቧ ቆመው እጇን ያዙ። ሰው ሲቀመጥ አሰለፈች ያቀረበችላትን ንፍሮ ተቀብላ በላች። ሰባት ቀን ሙሉ የቀመሰችው ምግብ ጣዕም አልነበረውም፤ ዛሬ ጨው እንዳነሰው አወቀች።

ቀትር አልፎ ወንዶቹ የዳሱን ቅጠል ማውረድ ሲጀምሩ ከአቀበቱ በኩል የወንድ ለቅሶ ተሰማ። «አባቴን! አባቴን!» ይላል፤ እየተቆራረጠ። መርዶውን ከወገዳ ሰምቶ የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ሊቀበለው ተነሣ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ለሙሾ አዘጋጁ።

ማሩ በሁለት ሰዎች ተደግፎ ወጣ። በዚያ ፀሐይ ጋቢ ደርቦ ለብሷል፤ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ጉንጩ ጎድጉዷል። እናቱን ሲያይ ደጋፊዎቹን ለቅቆ ሁለት እርምጃ ተራመደና ጉልበቱ ከዳው። ፋንቱ ሳይወድቅ ደረሰችለት። መሬት ላይ አብራው ቁጭ አለች። እጇን አንገቱ ሥር ከተተች። ይፋጃል።

«እናቴ… ሳልደርስለት…»

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«ምኑ?»

«ንዳዱ፣ ልጄ። መቼ?»

ማሩ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አሰበ። «ማክሰኞ። ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ጣለኝ።»

ሙሾ ሊያወርዱ አፋቸውን ከፍተው የነበሩት እትዬ ወለተ ሚካኤል አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሰው ክብ ሠርቶ እናትና ልጅ በአባት ላይ እስኪያለቅሱ ይጠብቃል። ማሩ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል።

ፋንቱ ልታለብሰው ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበች። ግማሹን ትከሻው ላይ ልታደርግ ስትል አየችው፤ ለባሏ የለበሰችው ጥቁር ከል ነው። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ነጠላውን ከላይዋ ገፍፋ ወዲያ ወረወረችው፤ በአሮጌ ቀሚሷ ብቻ፣ በባዶ ክንዷ ልጇን አቀፈችው።

ነፋስ መጣ። የከሉን ጫፍ አንሥቶ በአቧራው ላይ እየጎተተ ወደ ማሩ እግር አስጠጋው። ፋንቱ ልጇን ሳትለቅ አንድ እግሯን ዘረጋችና በተረከዟ ረገጠችው።